ሰው ሳይሆን ቦታ የምትጠራው አካኒሲ

በትንሿ የደሴት ከተማችን በላምባሳ አውቶቡስ ተራ የቆመ ሰው ሁሉ የአካኒሲን ድምፅ ያውቃል። በድምፅ ማጉያው ተሳፋሪ የምትጠራው እሷ ናት። "ሴያንጋንጋ! ሁለት ወንበር ቀርቷል!" ስትል የተኛ ይነቃል፣ ሮቲ የሚባለውን ቂጣ የሚበላውም ጉርሻውን እንደያዘ ይሮጣል።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ያው ድምፅ በፕራቪን ኢንተርኔት ቤት ቡድን ይመራል። የኮምፒውተር ጨዋታው ቦታ የመያዝ ጦርነት ነው። ጉድጓድ፣ ድልድይና ወፍጮ አሉ፤ ነጥብ የሚቆጠረው እዚያ ላይ ለቆመ ቡድን ነው። የገደለ ሰው ከፉከራ በቀር ምንም አያገኝም። እኛ በፉከራ አንታማም፤ መስመራችን ግን ቀርፋፋ ነው። ጥይታችን ሲድኒ ያለው የጨዋታው ማዕከል እስኪደርስ የአውስትራሊያ ልጆች ገድለውን ያፏጫሉ። አካኒሲ ይህን ገና ድሮ ገብቷት "ተኩሱ ለእነሱ ይሁን፣ መሬቱን እኛ እንያዝ" አለች። ሌላው ዒላማ ሲያሳድድ የእሷ ቡድን ቀድሞ ደርሶ ይቆማል። እንዲህ እያደረገች ነው የትንሽ ከተማ ልጆችን ኦክላንድ ላይ እስከሚካሄደው የውድድሩ ፍጻሜ ደጃፍ ያደረሰቻቸው፤ ብንኮራባት ማን ይፈርድብናል?

ችግሩ ኢኖኬ ነበር። የሸንኮራ ጭነት መኪና ሹፌር፣ የቡድኑ አንደኛ ተኳሽ፣ የአካኒሲ ታላቅ ወንድም። በእነሱ ቤት ወንድምና እህት ካደጉ በኋላ ፊት ለፊት አይነጋገሩም። ጠብ ኖሯቸው አይደለም፣ መከባበር ነው፤ እናታቸውም ከወንድሟ ጋር እንደዚያው ሆና ነው ያረጀችው። ስለዚህ ለኢኖኬ የሚሄድ ትእዛዝ ሁሉ በአክስታቸው ልጅ በጆፔ በኩል ያልፋል። ጆፔ ደግሞ ሳይቀልድ ቃል ማድረስ አይሆንለትም።

ከብሪዝበን ቡድን ጋር የመጀመሪያውን ግጥሚያ ያስሸነፋቸውም ይኸው ነው።

"ጆፔ፣ ቶሎ ወደ ድልድዩ ይመለስ በለው!"

"ኢኖኬ ጌታዬ፣ ንግሥቲቱ ድልድዩ ናፍቋቸዋልና እግር ካለህ..."

ድልድዩ ተወስዶ ነበር።

ፕራቪን ማዳመጫውን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ ወረወረ። "አትቀየሚኝ አካኒሲ፤ የገዛ ወንድምሽን ማዘዝ ካልቻልሽ መሪነቱን ለጆፔ ልቀቂለት።"

"ለእኔ?" አለ ጆፔ። "እኔ ቀልዴን ሳልጨርስ ጨዋታው ያልቅባችኋል!"

አካኒሲ የማዳመጫዋን ማይክሮፎን ወደ አፏ አስጠጋች። በዚህ ዓለም ላይ ከማንም አላንስም የምትልበት ነገር ቢኖር ያ ማይክሮፎን ነው። "የመልሱን ጨዋታ ብቻ ተዉልኝ። ከተሸነፍን ራሴ እለቃለሁ" አለች። ኢኖኬ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ሰማ። ለእሷ መናገር አይችልም።

በነጋታው ሥራ ላይ ሆና እንደ ልማዷ "ሳቩሳቩ! አንድ ቦታ ባዶ!" ብላ ጮኸች። አንድ ሰውዬ የጀመረውን ወሬ ጥሎ እየሮጠ ተሳፈረ። አካኒሲ ማን እንደሆነ አታውቅም፣ በስሙም አልጠራችውም። ቦታውን ብቻ ነበር የጠራችው። ከዚያ ብቻዋን ትስቅ ጀመር፤ የትኬት ቆራጩም ምን ነካት ብሎ አያት።

በመልሱ ጨዋታ የማንንም ስም አላነሳችም። "ጉድጓድ፣ አንድ ሰው ይቀራል! ወፍጮ ሞልቷል! ድልድይ ባዶ!" ቅርብ ያለው ይሮጣል፣ በቃ። የብሪዝበን ልጆች በስም ነበር የሚጠራሩት፤ የተጠራው ሞቶ ከሆነ ቦታው ጠባቂ አጥቶ ይቀራል። በግዳይ ብዛት እጅግ በልጠውናል፣ በነጥብ ግን አንገት ለአንገት ነበርን።

ሊያልቅ ሲል ኢኖኬ፣ ሳምንቱን ሙሉ በእሱ ላይ ሲሳለቅ የሰነበተውን የብሪዝበን ተኳሽ አቆሰለው። ልጁ እያነከሰ ይሸሻል፤ አንድ ጥይት ይበቃዋል።

"ድልድይ ባዶ!" አለች አካኒሲ።

ድምፅዋን ከፍ እንኳ አላደረገችም። ጆፔ አፉን ከፈተና በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ መልሶ ዘጋው። ከኢኖኬ በቀር ለድልድዩ ቅርብ ሰው የለም። ጣቱ የመተኮሻው ቁልፍ ላይ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ላቆሰለው ሰው ጀርባውን ሰጥቶ ሮጠ፣ ድልድዩ ላይ ግንቡን ተከልሎ ተንበረከከ። ከየአቅጣጫው ቢተኩሱበትም አንድ ጥይት አልመለሰም፤ ዝም ብሎ ቦታውን ያዘ። ነጥቡ ሞላ። አሸነፉ!

ፕራቪን ወንበሩን ገልብጦ ጨፈረ። ወንድምና እህት ግን አልተያዩም። ጆፔ መሐላቸው ቆሞ "መልእክት ያለው የለም? ዛሬ ያለ ቀልድ አደርሳለሁ" አለ።

ሰኞ ጠዋት ሸንኮራ የጫነ መኪና በአውቶቡስ ተራው በኩል ሲያልፍ ፍጥነቱን ቀነሰ። ኢኖኬ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሣ፣ ለማንም ሳይሆን፣ በመስኮቱ ጮኸ፦

"ድልድይ ተይዟል!"

አካኒሲ ማይክሮፎኑን አነሣች። ከዚያ ላምባሳ ሁሉ እስኪሰማ "ድልድይ ተይዟል!" አለች።

አንዲት አሮጊት ዘንቢላቸውን አንሥተው ወደ እሷ ተጣደፉ። "ልጄ፣ የድልድይ አውቶቡስ የቱ ነው?"

"ሞልቶ ሄደ፣ እናቴ" አለቻቸው። ማጉያውን አልዘጋችውም ነበርና ሳቅና ለቅሶዋን ተራው ሁሉ ሰማው።