ጣውላ የሸፈነው በር

ጣውላውን በብርጭቆ ወረቀት ስፈገፍገው የዝግባ ሽታ አፍንጫዬን ሞላው፤ እጄ ቆመ። አሰላ ያለውን የአባቴን ቤት ለማከራየት ሳሎኑን ማደስ ነበረብኝ። ግድግዳውን የለበሰውን አሮጌ ጣውላ አስነቅዬ በአዲስ ለመተካት አቅሜ ስላልፈቀደ፣ ፍቄ ነጭ ቀለም ልቀባው ወስኜ ነበር።

ይህን ሽታ የማውቀው ከስምንት ዓመቴ ጀምሮ ነው። ያን ቀን ከኢተያ የመጣ አናጢ ጣውላውን ሲመታ እኔ ፍቅፋቂው ላይ ተቀምጬ አይ ነበር። አባቴና ታናሽ ወንድሙ የአያቴን ቤት ለሁለት ሲካፈሉ ተጣልተዋል። ሁለቱን ክፍሎች የሚያገናኘውን በር አባቴ በጣውላ ሊሸፍነው ነው። አጎቴ የባቄላ እሸት ይዞልኝ የሚገባው በዚያ በር ነበር።

"ድምፅ እንዳያሳልፍ አድርገህ ምታው" አለው አባቴ አናጢውን።

እናቴ ምስማር እያቀበለች፣ "የወንድምህን ሳል ደግሞ በምን ልትዘጋው ነው?" አለችው። ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባኝም። ከዚያ በኋላ ግን አጎቴ ከወዲያ ማዶ ባሳለ ቁጥር አባቴ የጠቀለለውን ጉርሻ እንደያዘ ሲያዳምጥ አየው ነበር።

አባቴ ሳይታረቅ አምና ሞተ። አጎቴ ጃጅቷል፤ የሞተውንና ያለውን መለየት አቁሟል።

መፋቄን ስቀጥል ከማዶ ሳል ሰማሁ። ቀጥሎ ጣውላው በቀስታ ተንኳኳ።

"ጋሼ፣ ልትከፍተው ነው?" አለ አጎቴ።

የቀለሙ ቆርቆሮ አጠገቤ ተከፍቶ ተቀምጧል። እኔም እንደ አባቴ፣ የብርጭቆ ወረቀቱን እንደያዝኩ አዳመጥኩ።