ሙሾዬን ገበያ ያወጣሁባቸው ሦስት ቅዳሜዎች

አጎቴ ሦስት ቅዳሜ ሰጡኝ። በሦስቱ ቅዳሜ ውስጥ የጻፍኋቸውን አምስት መጻሕፍት ሰው ከወሰዳቸው ይውሰዳቸው፤ የሚወስዳቸው ከጠፋ ግን ጽሑፌን ፍቀው በብራናው ላይ ውዳሴ ማርያም ሊጽፉበት ነው። ይህን ሲነግሩኝ አልተቆጡም። ብራና እየወጠሩ ነበር፤ ከሥራቸው ቀና እንኳ አላሉም።

«ቆዳው የኔ ነው፤ ቀለሙም የኔ ነው» አሉኝ። «ያንቺ የሆነ ሙሾው ብቻ ነው። ሙሾ ደግሞ በአፍ ይወጣል እንጂ በብራና አይጻፍም።»

«እሺ፣ የኔታ» አልሁ።

እሺ ማለት ልማዴ ነው። የኔታ የምላቸውም ብዕር አያያዝ ያስተማሩኝ እሳቸው ስለሆኑ ነው። ከዚያ በፊት ደብረ ታቦር በነበረ የፈረንጆች ትምህርት ቤት አራት ዓመት ተምሬያለሁ። ጦርነቱ ሲመጣ ትምህርት ቤቱ ተዘጋና ባሕር ዳር፣ ከጣና ዳር ወደሚኖሩት አጎቴ መጣሁ። እሳቸው ቁም ጸሐፊ ናቸው፤ ዳዊትና ድርሳን ይጽፋሉ። ብራናውን ሲቆርጡ ከእግሩና ከአንገቱ በኩል ቁርጥራጭ ይተርፋል፤ ቀዳዳም ይኖርበታል። እኔ ያን እየለቀምሁ መዳፍ መዳፍ የሚያህሉ አምስት መጻሕፍት ሰፋሁ። በአምስቱም የጻፍሁት አንድ ነው፤ ራሴ የገጠምሁት ሙሾ።

ጣሊያን ከገባ ሦስተኛ ዓመቱ ነበር። በየቤቱ ወደ ጫካ የወጣ ወንድ አለ። ሞተ የሚል አልመጣ፣ አለ የሚልም አልመጣ። ሬሳው ላልገባ ሰው እንዴት ይለቀሳል? ቢለቀስስ፣ ለሸፈተ ማልቀስ ራሱ እንደ መሸፈት ይቆጠር ነበር። ስለዚህ ሴቶቹ ዝም ብለው ውኃ ይቀዳሉ፣ ዝም ብለው ይፈጫሉ። እኔም እያየኋቸው፣ ቢያለቅሱ ኖሮ የሚሉትን ጻፍሁ። መጻፉ አላስቸገረኝም። ሥራዬን ይዤ ሰው ፊት መቆም ግን ሌላ ነገር ሆነብኝ። ሰላም ልለው የሚገባኝን ሰው ከሩቅ ሳይ መንገድ የምቀይር ዓይነ አፋር ነኝ።

የመጀመሪያው ቅዳሜ እንዲህ አለፈ። ኩልና መርፌ ከምትሸጥ አንዲት እስላም ሴት አጠገብ ተቀመጥሁ። ባሏ በጀልባ እስከ ደልጊ እየተሻገረ የሚነግድ፣ እሷ ደግሞ የባሕር ዳርን ገበያ ከነነገሩ የምታውቅ ጎልማሳ ናት። መጻሕፍቱን ከነጠላዬ ሥር ይዣቸዋለሁ። መዳፌ በላብ ረጥቦ ብራናውን እንዳያበላሽ በየጊዜው በቀሚሴ እጠርገዋለሁ። እኩለ ቀን ሲሆን ሴትዮዋ ወደ እኔ ዞረች።

«አንቺ ልጅ፣ ከጠዋት ጀምሮ ምን አቅፈሽ ነው? እንቁላል ነው እንዳልል አልፈለፈልሽም።»

«መጽሐፍ ነው፣ እትዬ።»

«የሚሸጥ ነው?»

ራሴን በአዎንታ ነቀነቅሁ። ሳቀችና ሁለቱን ከእጄ ነጥቃ ከኩሏ አጠገብ ዘረጋቻቸው። ወዲያው አንድ ሽማግሌ ቆሙ። «ክታብ ነው? ለራስ ፍልጠት ይሆናል?» አሉኝ። አይደለም ለማለት አፌን ስከፍት አልፈውኝ ሄዱ። ከእሳቸው ኋላ አንድ ጥምጣም ያሰረ ደብተራ መጣና አንዱን አነሣ፤ ገለጠ፤ አነበበ።

«የማን እጅ ነው?»

«የኔ።»

«ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» አለና እንደ እሳት ፍም ቶሎ አስቀመጠው።

መልስ ነበረኝ። እንዲያውም ሦስት መልስ ነበረኝ፤ ሦስቱም የመጡልኝ ቤት ገብቼ ቂጣ ስጋግር ነው። ቂጣው አረረ።

ሳምንቱን ሙሉ ጠዋት ጠዋት ወደ ሐይቁ እየወረድሁ በደንገሉ መሐል ቆሜ መጮህ ተለማመድሁ። «መጽሐፍ» ብዬ እጮሃለሁ፤ ዳክዬዎቹ ይነሣሉ። ድምፄ ከዳክዬ በቀር የሚያስበረግገው አልነበረም። ለመጻፍ አንድ ዓመት ሙሉ አጎንብሼ የኖርሁ ሰው፣ በሰባት ቀን ውስጥ ቀና ብዬ እንድለፈልፍ መጠየቄ ያናድደኝ ጀመር። በፊት በራሴ አፍር ነበር። ከዚያ ሳምንት ወዲህ ግን ንዴቱ ከእፍረቱ እየበለጠ ሄደ፤ ደግሞም ደስ አለኝ።

በሁለተኛው ቅዳሜ ኩል ሻጯ ገና ስቀመጥ ምክር ጀመረችኝ።

«ቅቤ የምትሸጠዋን እያት። ዝም ብላ ግዙኝ ትላለች? በእጅሽ ጀርባ ትቀባልሽና ቅመሺ ትልሻለች። ያንቺም ቅቤ ነው። አስቀምሺያቸው።»

«እንዴት አድርጌ?»

«አንብቢዋ። ወላሂ፣ እኔ ማንበብ ባውቅ የዛሬን ገበያ ብቻዬን እይዘው ነበር።»

ገለጥሁ። በተራ አነጋገር ላነበው ሞከርሁ፤ ከጉሮሮዬ አልወጣ አለ። ስጽፈው በሙሾ ዜማ ነበር የጻፍሁት፤ በዜማው ስጀምረው ግን ያ ሳምንት ሙሉ የታገልሁት ድምፅ ከየት እንደመጣ ሳላውቅ ወጣ።

ደጄን ከፍቼ አደርሁ ብርዱ እየገባበት፤
ወጥቶ የቀረው ልጅ መጥቶ ይዝጋበት።

በሁለተኛው ጊዜ ስደግመው ፊት ለፊቴ ፈትል የምትሸጥ አንዲት የመሸንቲ ሴት ብድግ አለች። ነጠላዋን ገልብጣ ጥለቱን ወደ ላይ አደረገች። ያን ያየችው በርበሬ ሻጭም ነጠላዋን ዘቀዘቀች። ሙሾ ከተሰማ ሞት አለ ማለት ነው፤ በእኛ አገር ሙሾ ለመሸጥ ብሎ የሚያወጣ ሰው ማንም አይቶ አያውቅም። እኔ ይህ አንድ ጊዜ እንኳ አልታሰበኝም ነበር። ሰው ቆሞ ሊሰማኝ በመምጣቱ ደስ ብሎኝ፣ ሦስተኛውን ገጽ ገለጥሁ።

«የማን መርዶ ነው?» አለች አንዷ።

«ከመራዊ በኩል ነው አሉ።»

«ማን አለ?»

«ልጅቱ ናታ፤ አትሰሚያትም?»

«መርዶ በገበያ ይነገራል እንዴ?»

የመሸንቲዋ ሴት ፊቴ ተንበርክካ ጉልበቴን ያዘች። «የኔ ነው አይደል? የኔ ልጅ ነው። ፈርተሽኝ ነው ስሙን የማትጠሪው» አለችኝ። ልጇ ጫካ ከገባ ሁለት ክረምት አልፎት ኖሯል። «ማንም አልሞተም፣ እትዬ» አልሁ። ሁሉም ያለቅሳል፤ ቃሌን የሰማ የለም። ደረታቸውን የሚመቱት ሴቶች ሁለት ክረምት፣ ሦስት ክረምት የያዙትን ነው የሚያወጡት፤ ማቆሚያ አልነበረውም። ኩል ሻጯ ተነሥታ «መጽሐፍ ነው፣ እናንተ ሰዎች፤ የሚሸጥ ነው» እያለች ትዞር ነበር። ቆይታ እሷም ተቀመጠችና አለቀሰች።

የጣሊያኖቹ አስተርጓሚ ሁለት አስካሪ ወታደሮች አስከትሎ መጣ። ኮት የለበሰ፣ ጥርሱን የሚፍቅ፣ ያገራችን ሰው ነው።

«ማን ሞቶ ነው?»

«ማንም አልሞተም፣ ጌታዬ።»

«ታዲያ ምን ያስለቅሳቸዋል?»

«መጽሐፍ ስላነበብሁ ነው።»

አንዱን መጽሐፍ ተቀብሎ ቆሞ አነበበ። ረጅም ጊዜ አነበበ። መፋቂያውን ከአፉ አወጣ።

«እጅሽ ያምራል» አለኝ። «እንዲህ ጻፊ ብሎ የመከረሽ አለ?»

«የለም።»

«እንግዲያው ስሚኝ፤ ለጥቅምሽ ነው። የመጀመሪያዋን ገጽ ለመንግሥት ምስጋና አድርጊያት። አምስቱንም የመንግሥቱ ቢሮ ይወስዳቸዋል። በበዓል ቀን ሰው ተሰብስቦ ይነበብልሻል፤ እንዲህ አፈር ላይ አትቀመጪም።»

አምስቱንም አለኝ። አጎቴ ሊፍቋቸው የነበሩትን አምስቱንም። ምስጋናው አራት መሥመር ቢሆን ነው፤ በአንድ ጠዋት እጽፈዋለሁ። ይህን ሁሉ አሰብሁ፤ አላሰብሁም ብዬ አልዋሽም። ከዚያ የመሸንቲዋን ሴት አየኋት። ገና እንደተንበረከከች ነው፤ አፌን አፌን ታያለች።

«ቦታ የለውም» አልሁ።

«ምን አልሽ?»

«ገጹ ሞልቷል፣ ጌታዬ። ቦታ የለውም።»

አንዱ አስካሪ ሳቀ። አስተርጓሚው አልሳቀም። በእጁ የያዘውን መጽሐፍ ኪሱ ከተተና «ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ገበያ ድምፅሽ እንዳይሰማ። ከተሰማ እታሰራለሁ በይ» ብሎኝ ሄደ።

ድምፄን ከለከለኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ሳልጠቀምበት የኖርሁትን። ወደ ቤት ስመለስ በመንገዱ ላገኘሁት ሰው ሁሉ፣ ለማላውቀውም ጭምር፣ ሰላም እያልሁ ሄድሁ።

ወሬው ለአጎቴ ቀድሞኝ ደርሷቸው ነበር። «አስለቀስሽ አሉ» አሉኝ።

«አዎ፣ የኔታ።»

«የገዛ አለ?»

«የለም። አንዱን ደግሞ ወሰዱብኝ።»

«አንድ ቅዳሜ ቀርቶሻል» አሉና መፋቂያ ቢላቸውን በድንጋይ ይስሉ ጀመር። ለእኔ ብለው አልነበረም፤ የሚፋቅ ቆዳ ነበራቸው። ድምፁ ግን ለእኔ ነበር።

በሦስተኛው ቅዳሜ አራቱን መጻሕፍት ከፍቼ በጆንያ ላይ ዘረጋኋቸውና አፌን ዘግቼ ተቀመጥሁ። ከነጠላዬ ሥር አልደበቅኋቸውም። አስተርጓሚው ካለፈ እንዲያያቸው ብዬ የቀለም ቀንዴንና ብዕሬን ጭምር ከጎናቸው አቆምሁ። የሚያስር ካለ ዝም ያለ ሰው ይሰር።

የመሸንቲዋ ሴት ቀጥ ብላ ወደ እኔ ስትመጣ ግን ልትመታኝ መስሎኝ ፊቴን ሸፈንሁ። አጠገቤ ተቀመጠች።

«ያችን የደጁን አሳዪኝ» አለችኝ። ገለጥሁላት። ፊደል አትለይም፤ ጣቷን መሥመሩ ላይ አሳረፈች። «ይቺ ናት?»

«እሷ ናት፣ እትዬ።»

«የልጄን ስም አግቢልኝ።»

«ሞተ የሚል እኮ አልመጣም።»

«እኔስ ሞተ አልሁሽ? ወጥቷል አልሁሽ። እዚህ ይግባ።»

ጽሑፉ ዙሪያ ባዶ የተውሁት ጠርዝ ነበር፤ በዚያ ላይ የልጇን ስም ጻፍሁ። በጆሮዬ ሹክ እያለች ነው ስሙን የነገረችኝ፤ እኔም ስጽፍ በጆሮዋ ሹክ አልሁላት። ገበያው ድምፄን አልሰማም። ያመጣችውን ፈትል አስቀመጠችልኝ። መጽሐፉን ላቀብላት ስል ግን እጇን ሰበሰበች።

«ቤቴ ማን ያነበዋል? የኔ ነው፤ ግን አንቺ ዘንድ ይቀመጥ። ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣሁ ትነግሪኛለሽ።»

በርበሬ ሻጯ አይታ ኖሮ ተነሥታ መጣች። ከዚያ አሣ የምታደርቀዋ፤ ከዚያ እኔ የማላውቃቸው ሦስት እህትማማቾች። ሁሉም ሹክ ይላሉ፤ ሁሉም የያዙትን ያስቀምጣሉ፤ ሁሉም መጽሐፉን ትተውልኝ ይሄዳሉ። ኩል ሻጯ ስታየኝ ቆይታ፣ ፀሐዩ ዘንበል ሲል፣ ከኔ በላይ ዓይነ አፋር ሆና ጠየቀችኝ።

«የኛስ ሰው ይገባበታል? ደልጊ የነበረው ወንድሜ... እንደወጣ ቀርቷል።»

«ስሙን ንገሪኝ» አልኋት።

ወደ ቤት ስገባ አጎቴ ከደጅ ተቀምጠው ነበር። ዘንቢሌን አዩ፤ ፈትሉን፣ አሣውን፣ እግሯን የታሰረች ዶሮ አዩ። ከሥሩ ደግሞ አራቱን መጻሕፍት አዩ።

«አልተወሰዱም» አሉ።

«ተወስደዋል፣ የኔታ። ባለቤቶቻቸው አደራ ትተውብኝ ነው።»

«ቃላችን እንዲህ አልነበረም። ሰው ይውሰዳቸው ነው ያልሁሽ።» ቢላውን አነሡና የላይኛውን መጽሐፍ ጭናቸው ላይ ገለጡት። ቢላው ብራናው ላይ ደርሶ ቆመ። ጠርዙን በጣታቸው እየተከተሉ ማንበብ ጀመሩ። ከስሞቹ መሐል የሚያውቋቸው ነበሩ፤ ሁለቱን ፊደል አስቆጥረዋቸዋል።

«ይህ የእስላም ስም ነው» አሉ ቆይተው።

«ወንድሟ ነው።»

«በኔ ብራና ላይ?»

እሺ ልል ነበር። አፌ ለእሺ ተዘጋጅቶ ነበር። «ይፋቁት» አልኋቸው። «ቆዳው የእርስዎ ነው፤ አልከለክልዎትም። ሲፍቁ ግን እያንዳንዱን ስም እየጠሩ ይፋቁ። እኔ ቅዳሜ እናቶቻቸው ሲመጡ ማን እንደፋቀው እነግራቸዋለሁ።»

እንዲህ ያለ ነገር ለሰው ተናግሬ አላውቅም፤ ለአጎቴማ አይታሰብም። አጎቴ ስሞቹን እንደገና ከመጀመሪያው አነበቡ። ከዚያ ቢላውን መሬት አስቀምጠው መጽሐፉን ወደ መጨረሻው ገለጡት።

«ግዝቱ የታለ?» አሉኝ።

«የምን ግዝት?»

«ይህን ያህል ስም ሰብስበሽ ያለ ግዝት ልታሳድሪው ነው? ማንም እየመጣ ቢሰርቀው፣ ማንም ቢ...» አቋረጡ። «ብዕርሽን አምጪ። እኔ ልበልሽ፣ አንቺ ጻፊ።»

ከጎናቸው ተቀመጥሁና ቀለም ነከርሁ። ዕድሜያቸውን ሙሉ በሰው መጽሐፍ መጨረሻ ሲጽፉት የኖሩትን እርግማን ይነግሩኝ ጀመር፤ ይህን መጽሐፍ የሰረቀው፣ የሸሸገው፣ የቀማው። አራተኛዋ ቃል ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ወደ ጢማቸው ገባ።

«አልሰማሁም፣ የኔታ» አልሁ። «ጮክ ይበሉልኝ።»

ዓይን ዓይኔን አዩኝ። እኔም አየኋቸው።

«የፋቀው» አሉ ጮክ ብለው፤ ጻፍሁት።