የአውድማው ሦስት ሌሊት

ፒያሳ ላይ ድንኳን ተክለው ደም ሲሰበስቡ አየሁና ገባሁ። ባለቤቴ መኮንን ካረፈ ሁለት ወር ሆኖታል። በየጊዜው ደም ይሰጥ ስለነበር ተራውን ልወጣለት ብዬ ነው። ነርሷ ስሜንና ዕድሜዬን ጽፋ ስታበቃ፣ "በቅርብ ወራት ወባ ያለበት አገር አድረዋል?" አለችኝ። "የት ሄጄ!" ልል አፌን ከፈትኩ፤ መልሼ ግን ገጠምኩት። ይህንኑ መልስ ከሌላ ሰው አፍ ሰምቼው ነበርና።

ያኔ ሃያ ዓመቴ ነበር። ታላቅ እህቴ ብርቱካን የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ ደሟ አልቆም አለ። ሐኪሙ ከዘመድ ደም ፈልጉ አለን። የታኅሣሥ መግቢያ ነው፤ የጎንደር የጠዋት ብርድ ጣት ያደነዝዛል። እናቴ ግን ነጠላዋን ጥላ በበረንዳው ላይ ትንጎራደድ ነበር። የእኔ ደም አነስተኛ ነው ተባለ፤ የባሏም አልገጠመም። የቀሩት የባሏ ታላቅ ወንድም አያ ሙሉና አዘዞ የሚያስተምረው የአጎታቸው ልጅ መኮንን ናቸው። የሁለቱም ደም ገጠመ። እናቴ እልል ልትል ምንም አልቀራት።

የላቦራቶሪው ባለሙያ ወባ ያለበት አገር አድረው እንደሆነ ጠየቃቸው።

"እኛ የት ሄደን!" አለ አያ ሙሉ።

መኮንን ግን አረመው። "አድረናል እንጂ፣ አያ ሙሉ። ለጤፉ አጨዳ ቆላ ድባ ወርደን ሦስት ሌሊት አውድማ ላይ ተኝተናል። ትንኙ ሲበላን ነው ያደረው።"

"የአባት ቤት መግባት መሄድ ይባላል እንዴ?"

አያ ሙሉ ሊዋሽ ብሎ አይደለም። በእኛ ዘንድ ለአጨዳ፣ ለሠርግ፣ ለቀብር ወደ ወገኑ የወረደ ሰው ተጓዘ አይባልም። ባለሙያው ግን እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

"ምነው ልጄ!" ብላ ጮኸች እናቴ። "ደም ስጥ ተባልህ እንጂ ተናዘዝ ተባልህ?"

"እትዬ፣ እሷ ለወባ የሚተርፍ አቅም አላት?" አለ መኮንን።

ከጣታቸው ደም ተወስዶ ታየ። አያ ሙሉ ላይ ምንም አልተገኘም፤ ቢሆንም ይቆይ ተባለ። አንድ ቀን እንኳ ትኩሳት ያልተሰማው መኮንን ደም ውስጥ ግን ወባ ነበር። እናቴ እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አለች። እውነቱን ልናገርና እኔም ያን ሰዓት ጠላሁት። እህቴን በአፉ የገደላት መሰለኝ።

እሱ የታዘዘለትን ክኒን ዋጠ። እናቱ ከአገር የላከችለትን እሸት ሽምብራ ከኪሱ አውጥቶ እጄ ላይ አደረገና፣ "ይዘሽ ቆዪ፤ መጣሁ" ብሎ ወጣ። የጭነት መኪና ላይ ተንጠልጥሎ ወደ አዘዞ ወረደ። የእሸት ሽምብራ ቆዳ ኮምጠጥ ይላል። አንዱን አፌ ከትቼ ማኘክ አቃተኝ። ከቀትር በኋላ ከከተማ ያልወጡ አራት መምህራን አስከትሎ ተመለሰ፤ ሁሉም በአቧራ ሽበት አውጥተዋል። የሁለቱ ደም ገጠመ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የእህቴ ከንፈር ቀለሙ ሲመለስ በዓይኔ አየሁ።

እናቴ ከዚያ በኋላ የተናገረችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ "ያ ተናዛዥ ልጅ ምሳ በልቷል?"

አልበላም ነበር። ሽምብራውን ለሁለት ተካፈልነው። በዓመቱ ተጋባን።

ዕድሜውን ሙሉ ደም ሊሰጥ በሄደ ቁጥር ያደረበትን ቤት ሁሉ አንድ ሳያስቀር ይዘረዝር ነበር። ብዙ ጊዜ "ሌላ ቀን ና" ተብሎ ይመለሳል፤ ቀኑ ሲደርስም ይሄዳል። እኔ ደግሞ "ዛሬስ ንስሐ አባትህ ምን አሉህ?" እያልኩ እስቅበት ነበር።

"እናቴ?" አለችኝ ነርሷ።

"አድሬያለሁ" አልኳት። "ባሌን ቆላ ድባ፣ አባቱ አጠገብ ቀበርነው። አሥራ ሁለት ሌሊት አድሬያለሁ።"

"ነፍስ ይማር።" እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። መልሳ አነሳችውና የምመለስበትን ቀን ጻፈችልኝ። "እስከዚያ ይብሉ፤ ከስተዋል።"

ወረቀቱን ይዤ ቀስ እያልኩ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ከቀብሩ ወዲህ ምሳ የሚባል ነገር ትቼ ነበር። ያን ቀን ለአንድ ሰው የሚበቃ ሽሮ ሠራሁ፤ ቁጭ ብዬም ጨረስኩት።