የሕመም ፈቃዴን የበላችው ዝላይ

ይህ የሆነው አምና ነው፤ ከጊፋታ፣ ከወላይታ ዘመን መለወጫ፣ ማግስት ጀምሮ እስከ ገና መዳረሻ። እንዳልረሳው የሚያደርገኝ ወገቤ ነው። ሶዶ ላይ ዝናብ ሊመጣ ሲል ከሬዲዮ ቀድሞ የሚነግረኝ እሱ ነው፤ በነገረኝ ቁጥር ደግሞ ያቺ ዝላይ ትዝ ትለኛለች።

የምሠራው ሶዶ ውስጥ በአንድ የግንባታ ዕቃ አከፋፋይ ድርጅት ነው። ስቶር ኪፐር ነኝ። ቆርቆሮና ሴራሚክ ቆጥሬ አስገባለሁ፣ ቆጥሬ አስወጣለሁ። ወገቤን የጎዳሁት ግን እዚያ አይደለም። ሥራ ላይ ተጎዳሁ ብል ያምርብኝ ነበር፤ መብቱም ሌላ ነው። እኔ የተጎዳሁት ቦዲቲ አጎቴ ቤት ለጊፋታ የታረደውን በሬ አንድ ታፋ ለብቻዬ ልሸከም ብዬ ነው።

"ተው፣ ሁለት ሆናችሁ ያዙት" ተብዬ ነበር። የጎረቤት ልጅ፣ ቆንጆ ናት፣ ቆማ ታይ ስለነበር ምክሩን አልሰማሁም። ታፋውን ብድግ አደረግኩት። ወገቤ "ቀጭ" አለ። እኔም ታፋውም አንድ ላይ መሬት ላይ ተዘረጋን። ልጅቷ ሮጣ መጥታ ቀድማ ያነሳችው ሥጋውን ነው።

ሚኒባስ የኋላ ወንበር ላይ ተጋድሜ ወደ ሶዶ ተመለስኩ። ሐኪሙ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ ወጣት ነው፤ ቀልድ የሚባል ነገር አያውቅም። "ዲስክህ ተንሸራቷል። ትተኛለህ፤ ምንም ነገር አታነሳም" ብሎ የአንድ ወር የሕመም ፈቃድ ጻፈልኝ። ወሩ ሲያልቅ ስላልተሻለኝ አንድ ወር ጨመረልኝ። ሁለቱንም ወረቀት ቢሮ ድረስ ወስዳ ለአስተዳደር ኃላፊያችን ለአቶ ጴጥሮስ በእጃቸው የሰጠችው እናቴ ናት። ለመጀመሪያው ወር ደሞዜም ሙሉውን ገባልኝ።

አቶ ጴጥሮስ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ አለቃዬ ናቸው። እሁድ ደግሞ እኔና እናቴ የምንሄድበት ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው። ቢሮ "አቶ" እንላቸዋለን፣ ጉባኤ ላይ "ወንድም"። ክፉ ሰው አይደሉም። ከዚያ በፊት በነበረው ፋሲካ መድረክ ላይ ወጥተው "ጌታ ከስኳር በሽታ ፈወሰኝ" ብለው ሲመሰክሩ ቤቱ በእልልታ ቀልጦ ነበር። እኔም እልል ካሉት አንዱ ነኝ።

በሁለተኛው ወር አንድ እሁድ እናቴ "ተነሥ፣ ዛሬ ለበሽተኞች ይጸለያል" ብላ ባጃጅ ውስጥ እንደ ጆንያ ከተተችኝ። ጸለዩልኝ። እውነቱን ለመናገር ቀለል ብሎኝ ነበር፤ ይህን አልክድም። አግዳሚው ላይ ቀና ብዬ ተቀመጥኩ። እናቴ ቀና ማለቴን አየች፤ ዞር ስል መድረኩ ላይ ናት።

ለእናቴ ማይክ ያቀበላት ሰው ለፍርድ ቢቀርብልኝ ደስ ይለኛል። "እግሩ ሞቶ ነበር" አለች። ኧረ እግሬ ምንም አልሆነም! "ሐኪም ተስፋ ቆርጦ አሰናብቶታል" አለች። ሐኪሙ ያሰናበተኝ ቅባትና ኪኒን ሰጥቶ፣ ቀጠሮም ይዞልኝ ነው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረችና "ታ ናዓው!" ብላ ተጣራች። በወላይትኛ "ልጄ" ማለቷ ነው። "ታ ናዓው፣ ና! ዝለል! ሰው ሁሉ ይይ!"

ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ምን ላድርግ? ወጣሁና ዘለልኩ። ኪቦርዱ ተቀበለኝ፣ መዘምራኑ ተነሡ፣ እልልታው ጣሪያውን ሊያነሣው ደረሰ። እኔም ልቤ ሞቀና ሁለተኛ ዘለልኩ። በሦስተኛው ስወርድ ወገቤ ውስጥ የሆነ ነገር ቦታውን ለቀቀ። ዓይኔ እንባ ሞላ። ጉባኤው የደስታ እንባ መስሎት አብሮኝ አለቀሰ። አቶ ጴጥሮስ ከሽማግሌዎች ወንበር ተነሥተው መጡና አቀፉኝ፤ ማቀፍ ብቻ ሳይሆን ጭምቅ አደረጉኝ። "ጌታ ይባረክ" አልኩ፤ "ቀስ" ማለት ፈልጌ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ከመጀመሪያውም ብሼ ወለሉ ላይ ተዘርግቻለሁ። እናቴ ቅባቱን እያሸችኝ "ለማንም ትንፍሽ እንዳትል" አለችኝ። ጎረቤት "እንኳን ደስ አላችሁ" ሊል ሲመጣ እያቃሰትኩ እነሣና ወንበር ላይ ቁጭ እላለሁ። ፈገግ እላለሁ። ሲወጡ ተመልሼ እዘረጋለሁ። የዳነ ሰው መሆን እንዲህ እንደሚያደክም አላውቅም ነበር።

ቀጠሮዬ ሲደርስ ሐኪሙ አገላብጦ አየኝና ተናደደ።

"ምን አድርገህ ነው?"

"ዘለልኩ።"

"በዚህ ወገብ? ለምን?"

"እናቴ ዝለል ብላኝ።"

ሐኪሙ እናቴን አየ። እናቴ ጣሪያውን አየች። ፈቃዱን ለአንድ ወር አራዘመልኝ። ይህኛውን ወረቀት ግን እናቴ አልወሰደችውም። አቶ ጴጥሮስን በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ ብላ በድርጅቱ ሾፌር ላከችው። የሁለተኛውም የሦስተኛውም ወር ደሞዝ ሳይገባ ሲቀር ሂሳብ ክፍል ዘግይቶ ይሆናል ብዬ ዝም አልኩ። ዝም ማለቴ ሞኝነት ነበር፤ ቤታችን የሚተዳደረው በእኔ ደሞዝ ነው።

በመጨረሻ ሐኪሙ "ሥራ መጀመር ትችላለህ፤ ከባድ ዕቃ ግን አታነሳም" ብሎ ጻፈልኝ። የወገብ ቀበቶዬን ታጥቄ፣ እንደ ወታደር ቀጥ ብዬ ቢሮ ገባሁ። አቶ ጴጥሮስ ከወረቀቱ ይልቅ እኔን ሲያዩኝ ቆዩ።

"አንተ እኮ ሥራ ለቀሃል" አሉኝ።

"ኧረ መቼ?"

"ጌታ የፈወሰህ እሁድ ነው። ሰኞ መግባት ነበረብህ። ከዚያ ወዲህ ያለው በሙሉ ያለ ፈቃድ መቅረት ነው።"

"አቶ ጴጥሮስ፣ ወረቀት ልኬ ነበር እኮ! አገረሸብኝ።"

"ወረቀቱ ደርሶኛል። እኔ ግን በዓይኔ አይቻለሁ፤ በእጄ አቅፌሃለሁ። የጌታ ሥራ ግማሽ ነው ልትለኝ ነው?"

ጉድ ፈላ! አዎ ብል ከሃዲ ልሆን ነው፤ አይደለም ብል ሥራ አጥ። የሚያናድደው ደግሞ ሰውየው ከልባቸው ነው። ተንኮል ቢሆን እንኳ እሰድባቸው ነበር። የስንብት ደብዳቤዬ ተጽፎ ሥራ አስኪያጇ ጠረጴዛ ላይ ፊርማ እየጠበቀ ነበር።

ሥራ አስኪያጃችን ወይዘሮ ሰሚራ የወራቤ ሰው ናቸው፤ በሃይማኖታቸው ሙስሊም። እግራቸው ሥር ወድቄ "ሳይፈርሙ ስሙኝ" አልኳቸው። መውደቅ ስል በወገቤ ምክንያት ትንሽ ጎንበስ ማለቴ ነው። "ነገ ጠዋት ሁለታችሁም ኑ" አሉ።

ማታ ለእናቴ ነገርኳት። ጀበናውን ከእሳት አወረደች። ከዚያ "ሥራ ይገኛል። ጌታን ግን በሰው ፊት እንዳታሳፍረው" አለችኝ። ሥራ የት እንደሚገኝ ብትነግረኝ ደስ ባለኝ። ይባስ ብሎ ጠዋት የእሁድ ነጠላዋን ለብሳ "አብሬህ እሄዳለሁ" አለች። በቃ፣ አለቀልኝ አልኩ።

ወይዘሮ ሰሚራ ቢሮ ውስጥ አራት ሆነን ተቀመጥን። አቶ ጴጥሮስ ስልካቸውን አወጡና ቪዲዮ ከፈቱ። ለካ ጉባኤው በቴሌግራም ለቆት ኖሯል! እኔ፣ መድረክ ላይ፣ በአየር ላይ። ወይዘሮ ሰሚራ አፋቸውን በእጃቸው ሸፍነው አዩት።

"ጥሩ ይዘላል" አሉ።

"እንግዲህ እርስዎ ይፍረዱ" አሉ አቶ ጴጥሮስ።

"እኔ በጉባኤያችሁ ውስጥ አልገባም። ሕጉ የሚጠይቀኝ የሐኪም ወረቀት ነው፤ ወረቀት አለው። እርስዎ ግን ወረቀቱ ውሸት ነው እያሉኝ ነው።" ወደ እኔ ዞሩ። "እስቲ ተነሥ። እንደዚያ ቀን አንዴ ዝለልልኝ። ከዘለልክ አቶ ጴጥሮስ ልክ ናቸው። ካቃተህ ሐኪሙ ልክ ነው።"

ተነሣሁ። ከዘለልኩ ሥራዬ ይሄዳል፤ ምናልባት ወገቤም። ካልዘለልኩ ደግሞ እናቴ በሽማግሌ ፊት ውሸታም ሆነች፤ እስከ እሁድ ድረስ ሶዶ ከዳር እስከ ዳር ይሰማዋል። እናቴን አየኋት። ዓይኗ ወገቤ ላይ ነው። ሰዎች፣ አትሳቁብኝ፤ አላስችል አለኝና ልዘል ጉልበቴን አጠፍኩ።

"ታ ናዓው" አለች እናቴ። "ተቀመጥ። አትዝለል።"



"አልዳነም ነበር" አለች፤ ድምፅዋ ቀጭን ሆኖ። "ትንሽ ነው የቀለለው። ቀሪውን እኔ ጨመርኩ። ፈርቼ ነው። አባቱ አልጋ ላይ እንደ ቀረ ይቀርብኛል ብዬ ፈራሁ። ቀድሜ ካመሰገንኩ ጌታ ይጨርሰዋል ብዬ ነው።"

ወይዘሮ ሰሚራ ነጋዴ ናቸው፤ ወዲያው ገባቸው። "ቀብድ ከፍለው ነው በሉኛ" አሉ።

"አዎ፣ ቀብድ" አለች እናቴ፤ ማልቀስም ጀመረች።

አባቴ ወገቡን አልነበረም ያመመው፤ ሌላ በሽታ ነው። እኔ በሳቅና በንዴት መሃል ሆኜ ወራት ሳሳልፍ፣ እናቴ እኔን ወለል ላይ ባየች ቁጥር አባቴን እያየች እንደነበር አላወቅኩም። እዚያው ቆሜ አለቀስኩ። ይሄኛው እንኳ የእውነት ነበር።

አቶ ጴጥሮስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ቢሆንም፣ በጉባኤ ፊት የተመሰከረ ነገር…" ብለው ጀመሩ።

ወይዘሮ ሰሚራ ለእናቴ ውሃ ሊሰጧት ጥግ ላይ ያለችውን ትንሽ ፍሪጅ ከፈቱ። የውሃውን ጠርሙስ አነሡ። ፍሪጁን ሳይዘጉ፣ ድምፃቸውንም ሳያነሡ "አቶ ጴጥሮስ፣ ኢንሱሊንዎን ዛሬ ወደ ቤት ይወስዱታል ወይስ እዚሁ ይቆይ?" አሉ።

ይህ ከፋሲካው ምስክርነት ወራት በኋላ ነው። የገና በዓል ሊደርስ ነው። መድኃኒቱን ቤታቸው ያልወሰዱት ለምን እንደሆነ እኔ በደንብ ገባኝ፤ እኔም እኮ ጎረቤት ሲመጣ ወንበር ላይ ፈገግ ስል የከረምኩ ሰው ነኝ። አቶ ጴጥሮስ ስልካቸውን ኪሳቸው ከተቱ።

"እዚሁ ይቆይ" አሉ በመጨረሻ።

ወይዘሮ ሰሚራ የስንብቱን ደብዳቤ ለሁለት ቀደዱት። የመጀመሪያው ወር እንደተከፈለው ይሁን፣ ለቀጣዮቹ ሁለት ወራት በሕጉ መሠረት ግማሽ ደሞዝ ይከፈለው፣ ሐኪሙ እስኪፈቅድ ደግሞ ዕቃ የሚያነሣለት ሰው ይመደብ አሉ። አቶ ጴጥሮስ ጻፉ። ስንወጣ በር ላይ ቆሙና እናቴን "እህቴ፣ ይቅርታ" አሏት። እሷም "አንተም ተጠንቀቅ፤ ስኳር አይናቅም" አለቻቸው።

ሥራዬ ላይ አለሁ። በአቶ ጴጥሮስ ሳልናደድ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ምሳ ሰዓት ላይ መርፌያቸውን አሁን በሩን ሳይቆልፉ ነው የሚወጉት። ያን ቀን ሳስታውስ እስቃለሁ፣ ወገቤን ያዝ አድርጌ። እናቴ "አትዝለል" ያለችው ትዝ ሲለኝ ግን ሳቁ ይቆምብኛል። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት "ዝለል" ለማለት ማይክ ብቻ ነበር ያስፈለጋት። "አትዝለል" ለማለት ግን ምን እንዳስከፈላት እኔ አየሁ።

ከዚያ ቀን ከጥቂት ሳምንት በኋላ፣ ደህና መሄድ ጀምሬ፣ ጉባኤ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠናል። ማይኩን የያዙት አቶ ጴጥሮስ ናቸው። "የሚመሰክር አለ?" አሉና ወደ እኛ ወንበር አዩ። የእናቴ እግር ሊነሣ ሲል ተሰማኝ። የነጠላዋን ጫፍ ያዝኩ።

ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች። "ሐኪሙ ጋ ቀጠሮህ አርብ ነው አይደል?"

"አዎ።"

"እንግዲያው መጀመሪያ እሱ ይመስክር" አለችኝና ተደላድላ ተቀመጠች።