የአሸዋው ቁልል

ግንበኛው ካሤ የሰባተኛ ክፍልን ሂሳብ የተማረው ጢም ካወጣ በኋላ ነው። በጦርነቱ ጊዜ ያቋረጠውን ትምህርት ሰቆጣ ላይ በማታው ክፍል ቀጠለና፣ ከሁሉም ወደር የሚሉት ልቡን ወሰደው። ሦስቱ ቁጥር ታውቆ አራተኛው ሲጠፋ፣ የጠፋውን ኤክስ ትለዋለህ፤ በመስቀለኛ ታባዛለህ፣ ታካፍላለህ፤ ኤክስ ከተደበቀበት ብቅ ይላል። ሥራ ቦታም አላረፈም፤ ድንጋይ ላይ በከሰል ሲያሰላ ያዩት ሁሉ «ኤክሱ» ይሉት ጀመር።

በ1992 ዓ.ም. አለቃ የሌለበትን የመጀመሪያ ሥራውን ተቀበለ። ደሃና ውስጥ፣ ከአምደወርቅ ወዲያ ባለች መንደር፣ የማርያም ምንጭ ከሚባለው ውሃ ሥር የድንጋይ ማጠራቀሚያ ገንዳ መገንባት ነው። ሲሚንቶው በአህያ ተጭኖ መጣ። አሸዋውን ከወንዝ እያመጡ በሳጥን መስፈሩን የመንደሩ ሴቶች ያዙት፤ መሪያቸው እመት አመተ ማርያም ነበሩ፣ ወገባቸውን በመቀነት ጥፍር አድርገው የሚያዝዙ ባልቴት።

ለውስጡ ልስን የታዘዘው ቀላል ነው፤ ለአንድ ሲሚንቶ ሁለት አሸዋ። ካሤም ለአንድ ቡኮ ስድስት ሳጥን ሲሚንቶ በእጁ ሰፈረ፤ «ዐሥራ ሁለት ሳጥን አሸዋ!» ብሎ ተጣራ፤ ገንዳው ውስጥ ወርዶ ለሰነ። ልስኑ ደረቀ፣ ውሃ ተሞላ። በማግስቱ የውጭው ግድግዳ ዙሪያውን ርሶ ተገኘ።

«አንተ ኤክሱ፣» አሉ እመት አመተ ማርያም እርጥቡን ድንጋይ እየዳበሱ፣ «ይኼ ልጅህ ሽንቱን አይቋጥርም እንዴ? መኝታውን አርሶታል።»

ሴቶቹ ሳቁ። ካሤ አልሳቀም። የቀረው ሲሚንቶ ለአንድ ዙር ልስን ብቻ የሚበቃ ነው። ያም ካፈሰሰ ሴቶቹ ውሃ ፍለጋ ወደ ገደሉ መውረዳቸው አይቀርም፤ እሱንም ዳግመኛ ብቻውን ሥራ የሚያምነው የለም።

ውሃው ተለቀቀ። ገንዳው ውስጥ ገብቶ ልስኑን በሚስማር ጫረው፤ አሸዋው እንደ ቆሎ ረገፈ። ሂሳቡን ደጋግሞ ሠራው፤ ልክ ነው። ግራ ሲገባው «እስቲ እንደዚያ ቀን አድርገው ይስፈሩልኝ» አላቸው።

እመት አመተ ማርያም ሳጥኑን ሞሉ፤ ሞልተውም አልተዉ፤ ከአፉ በላይ ቆለሉት፣ ቆለሉት፣ አሸዋው በጎን መንሸራተት እስኪጀምር። ሳጥኑ ሰፊና ጥልቀት የሌለው ነው፤ ቁልሉ ቀላል አልነበረም። ካሤ ይህን ሲያይ ሰንብቷል። ግን ገበያ ላይ ጤፍም፣ ገብስም፣ ሽምብራም የሚሰፈረው እንዲህ ነው፤ እሱም እናቱም እንዲሁ ሲሰፍሩ ኖረዋል። ዓይኑ እንደ ሙሉ ሳጥን ቆጠረው እንጂ ትርፍ መሆኑን አልነገረውም። ውዱን ሲሚንቶ ግን እሱ ራሱ በጣውላ እየጠረገ ነበር የሰፈረው።

ጣውላውን አንስቶ የአሸዋውን አናት ጠረገ። «እንዲህ ይሁን፣ እመት።»

እመት አመተ ማርያም ቀና ብለው አዩት።

«ለማርያም ውሃ ጠርገሽ ስጪ ትለኛለህ? እኛ እኮ አሸዋውን የተሸከምነው በስለት ነው። ጠርጎ የሚሰፍር ነጋዴ እንኳ ደንበኛው ይሸሸዋል!»

«ሲበዛ እኮ ያፈስሳል፣ እመት…»

«በሰው ደግነት አላከክኸው?» አሉና ሳጥኑን መሬት ላይ አኖሩት። ሌሎቹም እጃቸውን አጣጠፉ።

ካሤ ሊከራከር ይችል ነበር፤ ግን ገንዳው ውስጥ ሲወርድ ማን ቆሞ ይጠብቃል? ጣውላው ለአንድ ሳጥን ያገለግላል፤ ጀርባውን ሲያዞር እጅ የለመደውን ይሠራል። እስካሁን ሂሳቡን ሲሠራ ሳጥኑን እንጂ የሚሰፍረውን እጅ አላስገባም። እሱም ይግባ እንግዲህ።

«እሺ፣ ይቆልሉ» አላቸው። «ብቻ ሁለት ሳጥን ቆልለው ይስጡኝ።»

እያጉረመረሙ ሰጡት። ሁለቱን ቁልል በሌላ ሳጥን እየጠረገ ሰፈረው፤ ሦስት ሆነ። ከሰሉን አንስቶ ድንጋይ ላይ ጻፈ፤ ሁለት ቁልል ለሦስት ጥርግ እንደሆነ፣ ኤክስ ቁልል ለዐሥራ ሁለት ጥርግ። ሁለት በዐሥራ ሁለት ሃያ አራት፤ ለሦስት ሲካፈል ስምንት።

«ስምንት ሳጥን ብቻ» አላቸው። «እንደ ልብዎ ቆልለው።»

እመት አመተ ማርያም በጥርጣሬ አዩት። «አራቱ የት ገባ?»

«ቁልሉ ላይ አለ።»

ቁልሉን አዩ፤ ሳጥኑን አዩ፤ «በል ውረድ» አሉት።

አሮጌው ልስን ተፈልፍሎ ወጣ፤ አዲሱ ገባ። በእርጥብ ጆንያ ተሸፍኖ ሰነበተና ውሃ ተሞላ። በማግስቱ ጠዋት ካሤ ወደ ምንጩ ሲወርድ እመት አመተ ማርያም ቀድመውታል። መዳፋቸውን ግድግዳው ላይ እየጎተቱ ዙሪያውን ዞሩ፤ ጥግ ጥጉን በጣታቸው ነካኩ፤ በመጨረሻ ጉንጫቸውን ድንጋዩ ላይ አስጠጉ።

«ደረቅ ነው» አሉት። «ምን ቆመሃል? ክዳኑን አትሠራም?»