ቃጫ የዋጠችው ዶሮዬ

መጀመሪያ ያስተዋልኩት አንገቷን ነው። ጠዋት የዶሮ ቤቱን ስከፍት ቀይዋ ዶሮዬ ከጫጩቶቿ ኋላ ቀርታ አንገቷን ታጣምማለች። ደረቷ ላይ፣ የለቀመችው ጥሬ መጀመሪያ የሚጠራቀምበት ከረጢት አብጧል። ዳሰስኩት። ደርቋል። ማታ የበላችው ሲነጋ መውረድ ነበረበት፤ አልወረደም።

ዲላ ውስጥ ዶሮ የሚያረባ ሁሉ ፈንግል የሚባለውን የዶሮ በሽታ ያውቃል። የእኔን ግቢ ሲያራቁተው የተረፈችው እሷ ብቻ ነበረች። እንቁላል አስታቅፌያት ፈለፈለች። ጫጩቶቹ ገና ክንፏ ሥር ነው የሚያድሩት።

ጎረቤቴ አልማዝ በአጥሩ ላይ አየቻትና «ሳትሞት እረጃት» አለችኝ። ባለቤቴም «እውነቷን ነው፣ እረጃት» አለ።

«አላርዳትም» አልኩ።

ምግብ ከለከልኳት። አፏ ውስጥ ትንሽ ዘይት አንጠባጥቤ ከረጢቱን በጣቶቼ ቀስ አድርጌ አሸሁት። አልላላም። በማግስቱም ያው ነው። ዓይኗን ከደነች። ጫጩቶቹ ይጮኻሉ። አትሰማም።

በቅርጫት አድርጌያት ባጃጅ ያዝኩ። ሹፌሩ «ለገበያ ነው?» ሲለኝ «ለሕክምና» አልኩት። ሳቀ። ይሳቅ።

የእንስሳት ሐኪሙ ዳሰሳት። «ክሮፕ ኢምፓክሽን ነው። ከረጢቱ ተደፍኗል፤ መክፈት አለብኝ። ልትሞትም ትችላለች።»

«ካልከፈቱትማ መሞቷ አይቀርም። ይክፈቱት።»

ማደንዘዣ ወጋት። ላባዋን ነጨ። ቀደደ። ክንፎቿን የያዝኩት እኔ ነኝ። አልለቀቅኳትም። በወረንጦ ጎትቶ ያወጣው ከበቆሎ ጋር የተጠቀለለ ቃጫ ነው፤ ጓሮ እንሰት ስንፍቅ መሬት ላይ የቀረ። አጠበው። ሰፋት።

ከዚያ በኋላ ለብቻዋ አስቀምጬ፣ የታዘዘላትን አንቲባዮቲክ በውኃዋ እየበጠበጥኩ፣ የራሰ ለስላሳ መኖ በትንሽ በትንሹ እየሰጠኋት፣ በየጠዋቱ ደረቷን እየዳሰስኩ ሰነበትኩ፤ ጫጩቶቹን ደግሞ ባለቤቴ፣ ያው «እረጃት» ያለው ሰውዬ፣ ካርቶን ውስጥ አምፖል አብርቶ ያሞቃቸው ነበር። ቁስሏ ድኖ ግቢ ውስጥ ስለቃት መሬቱን ጭራ እየተንቋቋች ጠራቻቸው፤ እነሱም ተሯሩጠው ከበቧት። አልማዝ በአጥሩ ላይ «ኧረ ይቺስ እልኸኛ ናት!» አለች። እኔን ይሁን ዶሮዋን፣ አልጠየቅኳትም።

እንዲህ የገጠማችሁ፣ ጠዋት መኖ ሳትሰጡ ዳስሷት፤ ከረጢቱ ባዶ መሆን አለበት። ከደረቀና ካልወረደ አትጠብቁ፤ ሐኪም ጋ ውሰዷት። ለስላሳ ሆኖ አፏ ሆምጣጣ ከሸተተ ሌላ ሕመም ነው፤ ላስተፋት ብላችሁ አትዘቅዝቋት፣ ትታፈናለች። በምላጭ ራሳችሁ ለመክፈት እንዳትሞክሩ። ቃጫና የገመድ ቁራጭ ከግቢ ልቀሙ፤ ጥሬውን የሚፈጭላት ደቃቅ ጠጠር ግን አይጥፋ።

ሐኪሙን አመሰግናለሁ፤ ለዶሮ ብሎ አልመለሰኝም። «ዶሮ ናት እኮ» ለሚላችሁ ሰው መልስ አትፈልጉ። ታቅፋችኋት ሂዱ።