ባሌ ከሐኪም ቤት ያመጣቸው ቃላት

ባሌ ሶዶ ከተማ ባለው የፈረንጆቹ ሐኪም ቤት ቁስል አጣቢ ነበር። ትውልዱ እዚያው አገር፣ ጉኑኖ ነው። የእኔ አባት ከሰሜን የመጣ ወታደር፣ እናቴ ደግሞ የአገሩ ልጅ ስለነበሩ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ወላይትኛውንም አማርኛውንም እያቀላቀልሁ ነው ያደግሁት። ሦስተኛ ቋንቋ ያመጣብኝ ባሌ ነው።

ሐኪም ቤቱ ውስጥ አንዲት ፈረንጅ ነርስ ነበረች። ሥራ ከመጀመራቸው በፊት በየቀኑ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ታስተምረዋለች። ሁለተኛ ሲጠይቃት «አንዱ ይበቃል፣ ነገም ቀን ነው» ትለዋለች። እሱም እንዳይጠፋበት እያነበነበ ዳገቱን ወጥቶ ይመጣና፣ ገና ጋቢውን ሳያወልቅ ለእኔ ይነግረኛል።

የመጀመሪያው «ዋተር» ነበር።

«ውሃ ማለት ነው» አለኝ።

«ውሃ ስም አለው። በእናቴም ቋንቋ ሃታ ይባላል። ሦስተኛ ስም ምን ያደርግለታል?»

«ሲጠማሽ በሦስት በር ታንኳኪያለሽ» ብሎ ሳቀ።

እኔ ጓሮ እንሰት ስፍቅ እሱ ራቅ ብሎ፣ ጀርባውን ሰጥቶኝ ይቀመጣል፤ በእኛ ቤት ወንድ እንሰት ወደሚፋቅበት አይጠጋም። እዚያው ሆኖ የሰሞኑን ቃላት ይጠይቀኛል። ብርድ «ኮልድ»፣ ሕመም «ፔይን»። ከሁሉ የወደድነው ግን «ስሎውሊ»ን ነው፤ ቀስ ማለት ነው። ነርሷ ፋሻ ስትፈታ ለሕመምተኛው የምትለው ነበር። ገበያ ስንወርድ ጭቃው ሲያንሸራትተኝ ክንዴን ይዞ «ስሎውሊ» ይለኛል። ባል ሚስቱን በአደባባይ ሲይዝ ያየ ሁሉ ዞር ብሎ ይመለከተናል። እሱ ግድ አልነበረውም።

ጣሊያን ከገባ በኋላ ፈረንጆቹ አገር ለቀው እንዲወጡ ታዘዙ። ነርሷ ስትሰናበተው የተረፋትን ፋሻና መድኃኒት ሰጥታው ሄደች። ከዚያ ወዲያ የቆሰለ ሰው ሁሉ ወደ ቤታችን ይመጣ ጀመር። ባሌ ቁስሉን ያያል እንጂ ሰውየው ከየት እንደመጣ አይጠይቅም። አርበኞችን ያክማል ብለው አሳበቁበት። እጁ ላይ ገና ሳሙና እንዳለ ጣሊያኖች ወሰዱት።

ታሳሪን ማነጋገር ክልክል ነበር። ምግብ ይዤ ስሄድ እስር ቤቱ በር ላይ አንድ አስተርጓሚ ቆሞ ይጠብቃል፤ አማርኛም ወላይትኛም ስለሚሰማ አንዲት ቃል ያወጣ ይመታል። ባሌ ቆጮውን ሲቀበለኝ በእጁ አፉን ሸፍኖ እንደሚያስል ሰው «ኮልድ» አለ። በማግስቱ ጋቢዬን ይዤለት ሄድኩ። እንዲህ ሆነን ሰነበትን፤ በየቀኑ አንድ ቃል ይለኛል፣ እኔም በማግስቱ ያለኝን ነገር ይዤለት እመለሳለሁ። «ፔይን» ያለኝ ቀን ግን የምወስድለት መድኃኒት አልነበረኝም። ቅቤ አቅልጬ ወሰድኩለት።

አንድ ጠዋት የማላውቀው ቃል ተናገረ። ፊቱ አብጦ ነበር። እንዳልገባኝ ከዓይኔ ስላየ ደገመልኝ፣ በዝግታ፣ ማሳሉንም ትቶ። አስተርጓሚው ዱላውን ሲያነሣ ወደ ኋላ አልኩ። ነገ ያስረዳኛል ብዬ ነበር።

በማግስቱ ስደርስ እስረኞቹ በካሚዮን ተጭነው ሄደዋል። «ወዴት?» ብዬ ብጠይቅ ማን ይመልስልኛል። ያመጣሁትን ምግብ ይዤ ቆሜ ቀረሁ፤ አንዲት ሴት መጥታ ቤቴ ድረስ ወሰደችኝ። ባሌ አልተመለሰም። መቃብሩንም የነገረኝ የለም።

ቃሉን ግን ያዝኩት። እንሰት ስፍቅም፣ ውሃ ስቀዳም እለዋለሁ። ሶዶ ውስጥ ፍቺውን የምጠይቀው ሰው አልነበረም።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ ነርሷ ተመልሳ መጣች ሲሉኝ በዚያው ቀን ሄድኩ። ጠጉሯ ሸብቷል። የባሌን ነገር ስነግራት እጄን ያዘችኝ። ከዚያ ቃሉን አልኩላት።

«እስቲ ድገሚው» አለች።

ደገምኩት።

«ፎሎው ይሆን? ተከተይኝ ማለት ነው።»

«እሱን አይመስለኝም።»

«ፎርጌት? እርሺኝ?»

አሰብ አደረገችና «ፎርጊቭ?» አለች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ይቅር በዪኝ ነው።»

«ምን አድርጎኝ?» አልኳት።

እንደገና እንድለው ለመነችኝ። አልኩት፤ ግን ከአፌ የወጣው የእሷ ቃል ነበር። ደግሜ ሞከርኩ፣ ሌላ ሆነ። ያን ሁሉ ዓመት ሳልጥለው የኖርኩት ድምፅ እዚያው ወንበር ላይ፣ እሷ ፊት፣ ተደባልቆ ጠፋብኝ። እሷም ገባት መሰለኝ፣ ከዚያ በላይ አልጠየቀችኝም።

ቤት ስገባ እናቴ ደጃፍ ቆማ ትጠብቀኝ ነበር።

«ፍቺውን ነገረችሽ?» አለችኝ።

«አላወቀችውም» አልኳትና ወደ ጓሮ ሄድኩ።